ልጄ ገባልኝ

ከቀትር በኋላ ባለው በዚያ ሰዓት፣ ሰፈሩ ሽኩና አሌፍ በሙሉ መዝጊያውን አውርዶ በሚያሸልብበት ሰዓት፣ አማረች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ እንቅልፍ ግን ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንቢ እንዳላት ነው። ዓይኗን ትከድናለች፣ መልሳ ትገልጣለች፣ ፀሐይዋ የት ደርሳለች? መጋረጃው ላይ ናት ወይስ ወደ ግድግዳው አልፋለች? በዚህ በረሃ ሰው ሁሉ ምነው ፀሐይዋ በጠለቀችልኝ እያለ ነው የሚውለው፤ ቤርሼቫ ውስጥ ምነው ባትጠልቅ ብላ የምትለምን እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሏ መለሰ ይነጻል፤ ሲነጻ ደግሞ ወደ እናቱ ይገባል፣ ጉልበታቸውን ይስማል፣ ይመረቃል፤ መለሰ ግን የለም፣ መለሰ ከከተማው ዳር መቃብር ውስጥ ነው፣ አፈር ሲመለስበት ቆማ አይታለች፤ ይህን በዚህ ቤት ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቱ አያውቁም። እናቱ ከግድግዳው ወዲያ እየጠበቁት ነው።

የምርኩዛቸው ኮቴ ይሰማታል። እሳቸው ግን የእሷን አይሰሙም፤ እማማ ውዱ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ሐኪም የሰጣቸውን ማዳመጫ «ዝንብ ጆሮየ ገብታ የምትንጫጫ ይመስለኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ጥለውታል፣ ሰው ተጠግቶ ካልጮኸ አይገባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ከሩቅ ይሰሙታል፤ የጋራዡን በር። መለሰ የድሮውን የእንጨት መዝጊያ ነቅሎ ይህን የብረት ተጠቅላይ በር ያስገጠመ ጊዜ ሞተሩ የተሰቀለው ከእናቱ ክፍል ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ ነው፤ እና ሲመሽ ከፋብሪካ ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሻላቷን፣ ይቺን ከቁልፎቹ ጋር የተንጠለጠለች ትንሽ ሪሞት፣ ሲጫናት ግድግዳው ይርዳል፣ አልጋቸው ይርዳል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል፣ እማማ ውዱም ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው «ተመስገን፣ ልጄ ገባልኝ» ይላሉ። ጎረቤታቸው ኒሲም በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ስንት ጊዜ ለመነው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን በር ዘይት ቀባው፣ መቃብር ያለ ሰው እኮ ይቀሰቅሳል!» እያለ፤ መለሰም ይስቅና «ዘይት ከቀባሁትማ እናቴ እንደገባሁ በምን ታውቃለች?» ይለዋል። ይለዋል ትላለች፣ ይለው ነበር ማለት አለባት። ነበር። ይቺ ቃል ምላሷ ላይ አልላመድ ብላታለች።

ስልኩ የተደወለ ጊዜ በምትሠራበት የሕፃናት መዋያ የአንድ ልጅ አፍንጫ እየጠረገች ነበር። «የመለሰ ሚስት ነሽ?» አለ የማታውቀው ድምፅ በዕብራይስጥ። ነኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ትዝ አይላትም፣ አውቶቡስ ይሁን ታክሲ፤ ትዝ የሚላት የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው፣ በሩ አጠገብ ወረፋ ቁጥር የምትሰጥ ማሽን አለች፣ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ይዞ ተቀምጧል፣ እሷም ቁጥር ቆርጣ ተቀመጠች፤ ባሏ ሞቶ እሷ ተራ ትጠብቃለች፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥሯ እስኪበራ ታያለች፣ አንዲት ነርስ መጥታ «የኔ እመቤት፣ አንቺ እዚህ አይደለሽም» ብላ እጇን ይዛ እስክታስነሣት ድረስ። ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራበት ማሽን አጠገብ ቆሞ ልቡ ቀጥ አለ አሏት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጠዋት ተላጭቶ ነበር የወጣው። ግንባሩን ትስመዋለች፣ እጁን ትስመዋለች፣ እጁ በርዷል፣ እሱ እኮ ብርድ አይወድም፣ በክረምት ካልሲ በካልሲ ላይ የሚደርብ ሰው ነው፣ ምነው ጨርቅ እንኳ ብትደርቡበት ልትላቸው ትፈልጋለች፣ ዕብራይስጡ ከአፏ ጠፋ። ነርሷ ልብሱንና ቁልፎቹን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ስትሰጣት ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ሻላቷን ነው፣ ጥቁሯን፣ አውራ ጣቱ ልጦ ያነጣትን። እዚህ አገር ሬሳ አያድርም። ከሰዓት በኋላ ተቀበረ።

ከመቃብር ሲመለሱ ጋሼ ጓንጉል፣ የመለሰ ታላቅ ወንድም፣ ትከሻዋን ይዞ ወደ ጎን አወጣት። ዓይኑ ደም መስሏል፣ የሸሚዙ ደረት እንደ ሐዘንተኛ ሁሉ ተቀዷል። «እማማ እንዳይሰሙ» አለ። መርዶማ መቼ ዝም ተብሎ ይነገራል? መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ከኋላቸው ክንደ ብርቱ ሴቶች ይከተላሉ፣ እናት ስትወድቅ የሚይዟት፣ አንዷም ውኃ ትይዛለች፤ ማንም ሰው ብቻውን ሄዶ ልጅሽ ሞቷል አይልም፣ እንዲያ ያደረገ ሰው ጠላት ነው። ደግሞም ጊዜ ይጠበቅለታል፤ የታመመ ካለ ይቆያል፣ አራስ ካለች ይቆያል፣ ሠርግ ካለ ይቆያል። ሠርግ ደግሞ አለ። የጓንጉል ልጅ ሺራ ሰባቱ የለቅሶ ቀን ባለቀ ማግስት ታገባለች፤ አዳራሹ ከተያዘ ቆይቷል፣ ረቢው ተጠይቆ ሰባቱ ካለፈ ይሁን ብሏል፣ ሙሽራዋም አያቴ እጃቸውን ጭነው ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም ብላ ምላለች። «እናቴ ዛሬ ከሰሙ ፊታቸውን ነጭተው ይጨርሱታል። ሺራን ማን ይመርቃታል? ማን ይጨፍራል? ሠርጉ ይለፍ አማረች፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እኔው ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቻይው።» ቻይው አለ፣ እንደ ጥርስ ሕመም። እሷም እሺ አለች። ሺቫው፣ የሰባት ቀኑ ለቅሶ፣ ኪርያት ጋት ከተማ ጓንጉል ቤት ይሆናል ተባለ፤ እሷ ጠዋት ጠዋት በባቡር እየሄደች ከለቀስተኛው ጋር ትቀመጣለች፣ ከሰዓት ተመልሳ እማማን ታበላለች። በባቡሩ መስኮት ሜዳው እየሮጠ ሲያልፍ፣ ወደዚያ ስትሄድ ባሏ ሞቷል፣ ወደዚህ ስትመለስ ባሏ ይኖራል። በአንድ ሐዲድ ላይ።

የመጀመሪያው ዕለት ሆን ብላ አይደለም፣ ይህን ፈጣሪ ያውቃል። በቤቱ በር ለመግባት በእማማ ክፍል ፊት ማለፍ ግድ ነው፣ ደረቱ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሳ እንዴት ታልፋለች? በጋራዡ ልግባና እዚያ ልብስ ልቀይር አለች። መንገዱ ማዶ ቆመች፣ ሻላቷን ከላስቲኩ አውጥታ ተጫነቻት። በሩ ተነሣ። ያ ሁሉ ብረት እየጮኸ ወደ ላይ ተጠቀለለ፣ ውስጡ ባዶ ነበር፣ መኪናው ፋብሪካው ግቢ ቀርቷል፣ ወለሉ ላይ የጎማው ዱካ ብቻ አለ። እዚያ ገመድ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀሚሷን አጠለቀች፣ የተቀደደውን ከአሮጌ ጎማ ጀርባ ሸጎጠችው፣ በሩን መልሳ አወረደችው፣ በውስጠኛው በር ወደ ቤት ስትገባ እማማ ውዱ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ተመስገን፣ ልጄ ገባልኝ» እያሉ ነው። አማረች ባለችበት ደረቀች። «የት አለ? ምነው ሳይስመኝ ቀረ?» አሉ። ምን ትበል፣ ምን ልትል ነበር፣ ሥራ ውሎ ደክሞት ተኝቷል ብትል ሄደው ይቀሰቅሱታል፣ አልመጣም ብትል በሩን ሰምተዋል። ተጠግታ በጆሯቸው ጮኸች፤ «ሬሳ ነክቷል እማማ! ሥራ ቦታ ሰው ሞቶባቸው ተሸክሟል!» አፏ ነው ያለው፣ እሷ አላለችም። ወይስ እውነት መናገር የፈለገው አፏ እንዲህ ብሎ ጠጋ ጠጋ ማለቱ ነበር?

እማማ ውዱ የጥንቱን ሕግ ያልለቀቁ ሴት ናቸው። ጎንደር ገጠር ሳሉ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰፈሩ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም፣ ምግቡን ከሩቅ ያስቀምጡለታል፣ በሰባተኛው ቀን ገላውን ታጥቦ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። እዚህ ከመጡ በኋላ ረቢዎቹ አያስፈልግም አሉ፣ ጎልማሳው ተወው፣ ወጣቱማ ሰምቶትም አያውቅ፤ እሳቸው ግን ከቀብር የተመለሰ ሰው በራቸው ላይ ሲቆም ምርኩዛቸውን ያጋድሙበታል። እና አማረች ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አይግባ! እንዳይገባ! ከዚያው ከጋራዡ ይደር፣ ፍራሽ አውጪለት» አሉ፤ ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አየሽ አንች? ማንም ሳይነግረው። ሁሉ በተደበላለቀበት አገር ልጄ አልረሳም።» ያን ዕለት እማማ ውዱ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ተኙ፣ ልጃቸው በተቀበረበት ዕለት፣ ከስንት ዘመን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

እንግዲህ በሩ በየቀኑ መጮኽ አለበት። መለሰ በሚገባበት ሰዓት ትወጣለች፣ እሱ ይቆምበት የነበረው ላይ ትቆማለች፣ ትጫናለች፣ ይነሣል፣ ትገባለች፣ ትጫናለች፣ ይወርዳል። ከዚያ ራት አለ። «ለብቻው በሆነ ሳህን አድርጊለት፣ ከደጁ አስቀምጪና ዞር በይ፣ እንዳትነኪው፣ ጥላሽም አይንካው» ይላሉ፤ ድንቹን ራሳቸው መርጠው፣ ከሥጋው ወፈር ያለውን ራሳቸው ጨምረው። ሳህኑ እንዳለ ቢመለስ ታመመ ወይ ይላሉ። ስለዚህ ትበላዋለች። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን ራት ትበላለች፣ አልወርድ ይላታል፣ በውኃ ታወርደዋለች፤ መለሰ፣ እየሰማኸኝ ነው? ራትህን እየበላሁልህ ነው፣ እናትህ ጨው አብዝተዋል፣ ለአንተ ስለሆነ እጃቸው ሳተ፣ ቶሎ ልጨርስና ሳህኑን ባዶ ላሳያቸው። «በላ?» ይላሉ። በላ። «ጨረሰ?» ጨረሰ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» እዚያ ኪርያት ጋት ሴቶቹ እያቀፏት ስታለቅስ እንባዋ እንደ ልብ አይመጣም፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ትመልሰዋለች። ሻባት፣ የሰንበት ዕለት፣ ብቻ ዐረፈች። በሻባት መለሰ መኪና አይነዳም፣ በር አይከፍትም፣ እማማም አይጠብቁም፤ ያን ዕለት ሻላቷን መሶብ ክዳን ሥር አድርጋ አልነካቻትም፤ ሕግ ሆኖ ከመዋሸት ያዳናት ያ ቀን ብቻ ነው።

ኒሲም ያውቃል። መቃብር ድረስ መጥቶ ነበር፣ በነጋታው ደግሞ ሚስቱ የጋገረችውን ኬክ ይዞ ለማጽናናት ሲመጣ አማረች በሩጫ ደርሳ አጥሩ ላይ ያዘችው። ስትነግረው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ? እኛ ዘንድ እኮ ሰውዬው ሳይሞት ሰፈሩ አልቅሶ ይጨርሳል!» አለ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ኬኩን በአጥሩ ላይ አቀበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ በጮኸ ቁጥር መስኮቱን ይዘጋል። ዘይት ቀባው አላለም።

ከሁሉ የባሰው ያ ስልክ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ቀኖቹ ተደባልቀውባታል፣ ጓንጉል ቤት መሬት ለመሬት ተቀምጠዋል፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ አንዲት አልቃሽ ግጥም እየሰጠች ነው፣ የጓንጉል ስልክ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሮጠ፣ አማረችም ተከተለችው፤ ስለማይሰሙ በስልክም ይጮኻሉ፣ ድምፃቸው ከጓንጉል ጆሮ አልፎ ኩሽናውን ሞላው። «ጓንጉል! አንተ እንደ ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ! ቀብር ትውላለህ፣ እጅህን ታጥበህ ማዕድ ትቀርባለህ! ታናሽህን እይ! ሬሳ ነክቶ ተለይቶ ተቀምጧል! በሰባተኛው ቀን ንጹሕ ሆኖ ይገባልኛል! ሄደህ ከእሱ ተማር!» ጓንጉል «እሺ እማማ፣ እሺ» ይላል፣ እየጮኸ፣ እንባው በጺሙ እየወረደ። ከሳሎን የሰው ሁሉ ለቅሶ ባንድ ጊዜ ተነሣ፣ በስልኩ አልፎ እሳቸው ጋ ደረሰ። «ምንድነው ጫጫታው? ማን ያለቅሳል?» «ቴሌቪዥን ነው እማማ!» «አጥፋው!» አጠፋለሁ አለ። ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን ማቀዝቀዣው ላይ ደገፈ። የአማረችና የመለሰ ልጅ ናዓማ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ናዓማ ከዩኒቨርሲቲ እንደመጣች እዚያው አጎቷ ቤት ቀርታለች፣ ሳቭታ ፊት ቆሜ መዋሸት አልችልም ብላ አያቷ ያሉበት ቤት አልገባም ካለች ወዲህ። «ኢማ» ብላ እናቷን ጠራቻት በዕብራይስጥ፣ «አባን ሁለቴ እየቀበራችሁት ነው።» አማረች የልጅቷን የተቀደደ ኮሌታ አስተካከለችላት፣ እንደሚስተካከል ነገር።

ዛሬ ጠዋት ለቀስተኛው ተነሣ። ሰባቱ አለቀ፣ መቃብሩ ዘንድ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ጓንጉል ቤት ወንበሮቹ ለሠርግ ይጠረጉ ጀመር። አሁን አልጋዋ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ግድግዳው ላይ ደርሳለች፣ ስልኳ ደረቷ ላይ ይንዘረዘራል።

«አማረች፣ ዛሬ ማታ ምን አሰብሽ?» ጓንጉል ነው። ከኋላው ሴቶች ይሳሳቃሉ፣ ሰው እየገባ ነው።

«ምን አስባለሁ ጋሼ? ዛሬ ይነጻል። ሊቀበሉት እየጠበቁ ነው።»

የሴቶቹ ሳቅ ራቀ፣ በር ተዘጋ። «ሌላ ሬሳ ነካ በያቸው።»

«ምን?»

«ሌላ። ሌላ ሰው ሞተ፣ እንደገና ተሸከመ በያቸው። እንደገና ሰባት ቀን ይሆናል። እኛ የሚያስፈልገን አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«ሌላ ማን ሞተ ልበል ጋሼ?» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የሞተ ካስፈለገ እኔ አለሁ፣ እኔ ሞትኩ ልበላቸው?»

«እግዚአብሔር ይይልሽ፣ እንዲህ አይባልም። እኔስ ወንድሜ አይደለም? እኔስ ነገ ክራቫት አስሬ በር ላይ ቆሜ እንኳን ደህና መጣችሁ የምል ደስ ብሎኝ ነው? ልጅቷ ምን በደለች? እኔ ልጄን ልዳር ወይስ…» አልጨረሰውም። ሴቶቹ ጠሩት፣ ሄደ።

ተነሣች። እላለሁ አለች፣ ሌላ ሬሳ ነካ እላለሁ፣ ከዋሹ ወዲያ ምን አለ። ግን ኮሪደሩ ላይ እንፋሎት ተቀበላት። እማማ ውዱ በዚያ ጉልበታቸው፣ አንድ እጃቸው ምርኩዝ ላይ ሆኖ፣ በትልቁ ድስት ውኃ አሙቀዋል። ራሳቸውም ታጥበዋል፣ ለሲግድ በዓል ብቻ የሚያወጡትን ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። «ውኃውን ወስደሽ ከጋራዡ በር ላይ አስቀምጪለት» አሉ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ይታጠብ። ሰባት ቀን ሙሉ እኮ ልጄን አላየሁትም። ከስቷል?» አማረች ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ይሁን አይደለም እሷም አታውቅ። አሁን ንገሪያቸው፣ ሌላ ሬሳ በያቸው። በቀደም ሳትጠራው የመጣላት ውሸት ዛሬ ተጠርቶም አልመጣም። ድስቱን ተሸክማ በቤቱ በር ወጣች፣ ድስቱን በአጥሩ ሥር አስቀመጠችው፣ እግሯ ራሱ እየመራ ወደ መንገዱ ማዶ ወሰዳት፣ ሰዓቱ የመለሰ ሰዓት ነው፣ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፣ እሱ የሚያደርገውን አደረገች፣ ተጫነች።

በሩ ይነሣል። ብረቱ ይጮኻል፣ ኒሲም መስኮቱን ይዘጋል፤ ከሥር በኩል መጀመሪያ የምርኩዝ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች፣ ከዚያ የነጩ ቀሚስ ጠርዝ፣ ከዚያ ደረት ላይ የታቀፈ ነጭ የወንድ ሸሚዝ፣ ከዚያ የእማማ ውዱ ፊት። በውስጠኛው በር ቀድመዋት ገብተው ጋራዡ መሐል ቆመዋል። ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸው በእሷ ትከሻ ላይ አልፎ መንገዱን ይፈልጋል፣ መኪናውን ይፈልጋል፣ ከመኪናው የሚወርደውን ይፈልጋል፤ ተመልሶ እሷ ላይ ወደቀ፣ ፊቷ ላይ፣ እጇ ላይ፣ በእጇ ያለችው ጥቁር ነገር ላይ።

«መለሰስ?» አሉ።

መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሽማግሌ የለም። ክንደ ብርቱ ሴቶች የሉም። ውኃው አጥሩ ሥር ቀርቷል። ወደ ጆሯቸው ተጠጋች፤ ይህን ነገር ጮኻ መናገር አለባት፣ ቀስ ብላ ብትናገረው አይሰሙትም፣ ከዚህ የከፋ ምን አለ?

«እማማ፣ መለሰ ሬሳ አልነካም» አለች።

«አልነካም?»

«አልነካም። ሬሳው እሱ ነበር።»

አሮጊቷ አፏን አፏን አዩ። የሰሙት አልመሰለም። ከንፈራቸው ብቻ ቃሉን ደገመው፣ ሬሳው እሱ ነበር፣ ሬሳው እሱ። ምርኩዛቸው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፣ አማረች ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ «አትንኪኝ!» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

«መቼ?»

«ሬሳ ነካ ባልኩዎት ዕለት ጠዋት።»

«እንግዲያ ማነው ሲገባልኝ የሰነበተው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ራቱንስ ማን በላው?»

«እኔ።»

እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ፣ ያን በየቀኑ የሚዘረጉትን እጅ፣ ዘርግተው ቀሩ። «በየቀኑ ተመስገን ስል» አሉ፣ «በየቀኑ ልጄ ገባልኝ ስል፣ አንች ከዚህ ቁመሽ…» ምርኩዙን አንሥተው ሊመቷት ነው አለች፣ ምቱኝ አለች በልቧ፣ እባክዎ ምቱኝ። አልመቱም። «ነክተሽዋል?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሬሳውን። ነክተሽዋል?»

«ግንባሩን ስሜዋለሁ። እጁንም። በርዶት ነበር።»

ይህኔ ጩኸታቸው ከሆዳቸው ሲነሣ አየችው፤ ትከሻቸው ወጣ፣ አንገታቸው ተገተረ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ እና ገና አንዲት ድምፅ እንደወጣች የያዙትን ነጭ ሸሚዝ አፋቸው ውስጥ ወተፉት። ነከሱት። ሰውነታቸው ሁሉ እየተርገፈገፈ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ መንገዱ ላይ ከሁለት ቤት ወዲያ የሚኖሩ የአገራቸው ሰዎች ልጆች በብስክሌት አለፉ፣ አንዱ «ሻሎም ሳቭታ!» ብሎ ጮኸላቸው። እማማ ውዱ እጃቸውን አነሡለት። ቀና ሲሉ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

«የሺራ ሠርግ ነገ ነው?»

«ነገ ነው።»

«ከጮኽኩ ሰፈሩ ይሰማል። ሰፈሩ ከሰማ ጓንጉል ይሰማል።» ሸሚዙን ከአፋቸው አውጥተው በእጃቸው ጨበጡት። «ያቺ ልጅ እኔ ያሳደግኋት ናት። ነገ ሄጄ እመርቃታለሁ። እልል እላለሁ። ከነገ ወዲያ ጓንጉል ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመጣ ይነግሩኛል፣ ያኔ እሰማለሁ። እስከዚያ አልሰማሁም። ደንቆሮ አሮጊት አይደለሁ?»

«እንዴት ይችሉታል እማማ?»

«አንች እንዴት ቻልሽው?»

እማማ ውዱ ወደ ጋራዡ ጥግ፣ ወደ ፍራሹ ሄዱ፣ ልጃቸው ያልተኛበትን ፍራሽ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ተቀመጡበት። አማረች ራቅ ብላ ቆመች። ፀሐይዋ በኒሲም ጣሪያ ላይ ካለው የውኃ ጋን ጀርባ ገብታለች። «ነይ» አሉ። ስትቀርብ የእጇን አንጓ ያዙት፤ ሳትታጠብ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ አድርገውት የማያውቁትን፣ ይዘው ጥፍራቸው እስኪሰምጥ ጨመቁት። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሞተር አዩ። በነዚያ በደከሙ ጆሮዎች ከዓለም ድምፅ ሁሉ ያንን ብቻ ነበር የሚያውቁት፣ ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ ምን እንደሚሸፍን።

«ተጫኚው» አሉ።

ተጫነች። ብረቱ እየጮኸ ይወርድ ጀመር፣ እማማ ውዱም አፋቸውን ከፍተው ጮኹ፣ «ወየው መለሰ! ወየው ልጄ!» አማረችም ጮኸች፣ ሰባት ቀን ሙሉ በዚህ ቤት ያልጮኸችውን፣ በስሙ ጠራችው፣ ግድግዳው እየራደ፣ ሁለቱም ድምፃቸውን ብረቱ ውስጥ እየከተቱ፣ በሩ መሬት እስኪነካ ድረስ። በሩ መሬት ነካ። ፀጥ አለ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አፋቸውን ዘጉ፣ በጨለማው ውስጥ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል።

አንጓዋን አልለቀቁም።

«ደግመሽ ተጫኚው» አሉ።